ዴስክቶፑ ዊንዶውስ 11 አልቀበል ሲል

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ፒያሳ ወይም ስታዲየም አካባቢ ዩዝድ ዴስክቶፕ የገዛ ሁሉ ታዲያ ወደ 11 ማለፍ ይፈልጋል። ማሽኑ እምቢ ካለ ራም ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ።

«ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» ይላል

ፕሮሰሰሩን እዩ። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለው ጋ ተጽፏል። ኮር አይ5-8500 ካለ ስምንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፤ አይ5-4590 ደግሞ አራተኛ። 10400 ዓይነት ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች አንብቡ። ኢንቴል ላይ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሚፈቀደው ከስምንተኛ ጀምሮ ነው። ስለዚህ አራተኛ ጀነሬሽን የሆነው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ራሙ 16 ጊጋ ቢደረግለትም አያልፍም። ሻጩ «11 ተጭኖበታል እኮ» ካላችሁ ፍተሻው ተዘሎ ነው የተጫነው። ይሠራል፤ ግን ማይክሮሶፍት አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይገባለትም።

ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው፣ አሁንም እምቢ ይላል

አብዛኛውን ጊዜ ቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ክፍል ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ጠፍቶ ነው። ዴል ከሆነ ሲነሳ ኤፍ2ን ተጫኑ። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ልታገኙት ትችላላችሁ። አብሩት። ቡት ሞዱ (ማሽኑ የሚነሳበት መንገድ) ሌጋሲ የሚባለው አሮጌው ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ ወደ አዲሱ ዩኢኤፍአይ እንዳትቀይሩት፤ ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው አሮጌ አከፋፈል ከተከፈለ ዊንዶውሱ አይነሳም። ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ዲስኩን ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ አከፋፈል ለውጡ፣ ከዚያ ቡት ሞዱን ቀይሩ።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ነገሩ የሰዓት ብቻ አይደለም። ባዮሱ ወደ ድሮው ሊመለስና ያበራችሁት ቲፒኤም መልሶ ሊጠፋ ይችላል። ቀኑ ስለተሳሳተም ብሮውዘሩ ደህናውን ድረ ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ይላችኋል። ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት የሚያስደርግ ስንቱ ነው! ባትሪዋን ቀይሩ፣ ቀኑንና ባዮሱን አስተካክሉ።

ተጭኗል፣ ግን ይንቀረፈፋል

ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ነው። በ4 ጊጋ መሥራት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ 8 አድርጉት። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ጥፋቱ የድሮው ሃርድ ዲስክ ነውና ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ግዙ። ራም ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዲዲአር3 ዲዲአር4 ማስገቢያ ላይ አይገባም።

ማሽኑ ጭራሽ የማይሆን ከሆነ

ለብሮውዘርና ለጽሑፍ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ይበቃል፤ በ2 ጊጋ ራም ይነሳል፣ በ4 ይመቻል። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ቢሮ ግን ይህን አይሞክር፣ ፕሮግራሙ የዊንዶውስ ነው። ለእሱ የሚሻለው ስምንተኛ ጀነሬሽን መግዛት ነው። ገንዘቡን ሳትከፍሉ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስነስታችሁ አባውትን እዩ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን አትመኑ።