«ፌይለር» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለገባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ነው። እዚያ ብዙ ዓመት ኖሬ አሁን ደሴ ተመልሻለሁ። እንግሊዝኛ ያነባል ስለሚባል የሰፈሩ ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል። ልጁ ከዴንቨር ወይም ከሚኒያፖሊስ የደብዳቤ ፎቶ በቴሌግራም ልኮለታል። ደብዳቤው ላይ «ፌይለር» የሚል ቃል አለ። ጥያቄውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ልጄ ወደቀ እንዴ?»

አልወደቀም። ይህን ደጋግሞ መመለስ ይሰለቻል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፎቶው ደሴ ደርሶ፣ እኔ ተፈልጌ፣ መልሱ እስኪሄድ የሚባክነው ቀን ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ከኮምቦልቻ መጥተው ያሳዩኝ ደብዳቤ ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል። ልጃቸው መጀመሪያ አፍሮ ደብቆት ነበር። «አብሽሪ እናቴ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ሀፍረቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛ ይህን ቃል ያወቅነው ትምህርት ቤት ነው። ወይዘሮ ስህን የተማረም ሌላ ጋ የተማረም፣ «ፌይል አደረገ» ማለት ማትሪክ አላለፈም ማለት ነው። ውጤት በመጣ ሰሞን ሰው እንዳያየው በፒያሳ ማለፍ የተወ ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። ውጤቱ የመጨረሻ ነው፤ ይግባኝ የለውም። በዚህ ስሜት ነው የአሜሪካኑን ደብዳቤ የምናነበው። ስለዚህ እናጥፈውና መሳቢያ ውስጥ እንከተዋለን።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ግን ቃሉ ስለ እናንተ ችሎታ ምንም አይናገርም። «ፌይለር ቱ» ብሎ ከጀመረ፣ ማድረግ የነበረባችሁ ነገር አልተደረገም ማለት ብቻ ነው። ያልተደረገው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ቀጥሎ ያለው ቃል ነው። «ፌይለር ቱ ፔይ» ካለ አልከፈላችሁም። «ፌይለር ቱ ዪልድ» ካለ መንዳት ላይ ቅድሚያ አልሰጣችሁም። «ፌይለር ቱ ሪፖርት» ካለ ማሳወቅ ወይም መቅረብ የነበረባችሁ ቦታ ላይ ቀርታችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጣዩን ቃል አንብቡ። ከዚያ ቀኑን ፈልጉ። ሌላውን በኋላ ታነባላችሁ።

ከሁሉም የከፋው «ፌይለር ቱ አፒር» ነው፤ በቀጠሮ ቀን ፍርድ ቤት አለመቅረብ ማለት ነው። እኔንም የያዘኝ እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጅም አወራለሁ።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ አልሰጠህም ተብዬ ትኬት ተሰጠኝ። በመሃል ቤት ቀየርኩ። ፖስታ ቤት ሄጄ አድራሻዬን አስቀየርኩ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ግን በድሮው አድራሻ ሄዶ እዚያው ቀረ። ቆይቶ ሁለተኛው ደብዳቤ ድሮ ቤቴ በገባ አንድ አበሻ በኩል ደረሰኝ። «ፌይለር» የሚለውን ሳይ፣ ተፈርዶብኛል፣ ተሸንፌያለሁ፣ ጉዳዩ አልቋል ብዬ ተረዳሁት። የቀረው መቀጮው ነው ብዬ ክፈል እስክባል ጠበቅሁ። ደብዳቤው የሚለው ግን «በቀጠሮህ ቀን አልቀረብክም» ነበር። ጉዳዩ አላለቀም፤ ገና መጀመሩ ነው። እኔ ስጠብቅ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቷል፤ መንጃ ፈቃዴም ታግዷል። ያወቅሁት አንድ ማታ የኋላ መብራት ተቃጥሎ ፖሊስ ሲያስቆመኝ ነው። የመጀመሪያው ቅጣት ትንሽ ነበር። በመቅረቴ የተጨመረው በለጠው፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) የተመላለስኩበት የሥራ ቀን ደግሞ ሌላ ነው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ካያችሁ አትጠብቁ። በማግሥቱ ወደ ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ደውሉ ወይም ሂዱ፤ አዲስ ቀጠሮ ጠይቁ። የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶ እንደሆነም ጠይቁ። ከወጣ ብቻችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ ወይም ነፃ የሕግ እርዳታ አማክሩ። አሠራሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በራሱ ፈቃድ የመጣን ሰውና ተይዞ የመጣን ሰው ዳኛ በአንድ ዓይን እንደማያይ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፖስታ ቤት አድራሻ መቀየር ለፍርድ ቤት አይነገርም። ለስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ ለዩኤስሲአይኤስም አይነገርም። ዩኤስሲአይኤስ ዘንድ ቤት በቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ በቅጽ ኤአር-11 ማሳወቅ አለባችሁ፤ ግሪን ካርድ ያለውም ግዴታ አለበት። በዲቪ የመጣችሁ «እኛን አይመለከትም» አትበሉ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ጉዳያችሁ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ለብቻው በ5 ቀን ውስጥ ታሳውቃላችሁ። አንዱ ለሌላው አይነግርም። ይህ አሠራር ያናድዳል፤ በዚህ ዘመን አንድ መንግሥት ሁለት ቦታ አድራሻ የሚያስጽፍበት ምክንያት አይገባኝም። ቢሆንም ጻፉ። እዚያ ፍርድ ቤት መቅረት ማለት በሌላችሁበት ከአገር የመባረር ውሳኔ ሊሰጥባችሁ ይችላል ማለት ነው። ይህ የመኪና ትኬት አይደለም።

ግብር ላይ ሁለት «ፌይለር» አለ፤ ሰው ይቀላቅላቸዋል። አንዱ የግብር ማስታወቂያውን አለማስገባት ነው። ሌላው ዕዳውን አለመክፈል ነው። አለማስገባት በየወሩ ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ ያስቀጣል፤ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። አስገብቶ አለመክፈል ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። 2,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው ወረቀቱን ባለማስገባቱ በወር 100 ዶላር ይቀጣል፤ አስገብቶ ባይከፍል ግን 10 ዶላር። ወለዱ ለብቻው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ «ገንዘብ ሳገኝ አስገባለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ተሳስቷል። ባዶ ኪስ ብትሆኑም ኤፕሪል 15 ሳያልፍ አስገቡ፤ ከዚያ በየወሩ እየከፈላችሁ እንድትጨርሱ የግብር መሥሪያ ቤቱን አይአርኤስን ጠይቁ። በስልክ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ክፈል የሚላችሁ ሰው ግን ሌባ ነው፤ ዝጉበት።

ሆስፒታል ስትሄዱ ቃሉ ሌላ ነው። «ሃርት ፌይለር» ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት አቅቶታል ማለት ነው፤ የእኛ ሐኪሞች የልብ ድካም የሚሉት እሱን ነው። ከባድ በሽታ ነው፤ መድኃኒት እየወሰደ፣ ጨው እየቀነሰ ዓመታት የሚኖር ሰው ግን አለ። ደሴ ያለ አባት «የልጅህ ልብ ፌይል አደረገ» ተብሎ በስልክ ሲነገረው ምን እንደሚሰማው አስቡ። እባካችሁ ለቤተሰብ ስታወሩ «ልቡ ደክሟል፣ እየታከመ ነው» በሉ።

አራስ ያላችሁ «ፌይለር ቱ ትራይቭ» የሚል ወረቀት ላይ ልታዩ ትችላላችሁ። የልጁ ክብደት በዕድሜው በሚጠበቀው ልክ አልጨመረም ማለት ነው። እናቲቱ አላወቀችበትም አላለም። ይህን አንብባ በሀፍረት ቀጠሮ የተወች እናት አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ሐኪሙ የሚፈልገው ምክንያቱን ነው፤ አመጋገብ ይሁን፣ ሕመም ይሁን፣ ጡት አጠባብ ይሁን። በዚያ አገር ደግሞ የልጅ ቀጠሮ ደጋግሞ መቅረት ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ሂዱ።

ከልጆች ትምህርት ቤት በሴሚስተሩ መሃል «ፌይሊንግ» የሚል ወረቀት ቢመጣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውጤቱ ገና አልተዘጋም። ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት መምህሩን አግኙ። «ፓወር ፌይለር» መብራት ጠፋ ነው፤ እሱን እንኳ ደሴ ያደገ ሰው ማንም አያስተምረውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቃሉን ራሳችሁ እንድትናገሩት ይጠበቃል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ፌይል ያደረግክበትን ጊዜ ንገረን» ይላሉ። የእኛ ልጅ «ፌይል አድርጌ አላውቅም» ይላል። ባደግንበት ቤት ድክመትን ለባዕድ መንገር ነውር ስለሆነ ነው። ጠያቂው ግን ይህን ሲሰማ ወይ ይዋሻል ወይ ከስህተቱ አይማርም ብሎ ያስባል። እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ላይ እነሱ ትክክል ናቸው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፉ የቆያችሁ ጥሩ መልስ በእጃችሁ አለ። አንድ ቀን ብዙ ልብስ በልክ ስህተት ተበላሸ፤ ከዚያ በኋላ ቆረጣው ከመጀመሩ በፊት ልኩን ሁለት ሰው እንዲያይ አደረግን፤ እንዲህ በሉ። የሆነውን፣ ያስተካከላችሁትን፣ አጭር አድርጉት። የቤተሰብ ችግር ውስጥ አትግቡ።

ደብዳቤ ያልገባው ሰው ወደ ደሴ ፎቶ ከመላኩ በፊት ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ይደውል። ስልኩን ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ጋር ያመሳክር። ሲያነሱላችሁ መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ፍርድ ቤትም ጠይቁ። የ10 ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ ስለ እናቱ ኩላሊት ልጅ ሊሰማም ሊያወራም አይገባም። ፖስታውን አትጣሉት፤ የተላከበት ቀን ማኅተሙ ላይ አለ። ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተባላችሁትን ጀርባው ላይ ጻፉ።