ለብቻ የሚደረግ አገር አቋራጭ ጉዞ፦ አውቶቡስንና አውሮፕላንን አቀናጅቶ መጓዝ

አገር አቋርጦ ብቻውን ለመጓዝ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቅዱን የሚጀምረው የሚያያቸውን ቦታዎች በመዘርዘር ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን አውቶቡስና አውሮፕላን ለመዘግየት ያላቸውን ትዕግሥት ማነጻጸር ይኖርበታል። አውቶቡስ በመንገድ ሥራ፣ በዝናብ ወይም በጎማ መፈንዳት ሁለትና ሦስት ሰዓት ቢዘገይ ተሳፋሪው መድረሻው ይርቅበት እንደሆነ እንጂ ጉዞው አይቀርበትም። የአገር ውስጥ በረራ ቼክ ኢን (የመንገደኞች ምዝገባ) ግን በአብዛኛው ከመነሻው ሰዓት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚዘጋ በመሆኑ፣ ከተዘጋ በኋላ አምስት ደቂቃ ያረፈደና ሁለት ሰዓት ያረፈደ መንገደኛ ዕጣቸው አንድ ነው።

ስለዚህ ከአውቶቡስ ወርደው በዚያው ዕለት አውሮፕላን ለመሳፈር አያቅዱ። አውሮፕላኑ በሚነሣበት ከተማ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር፣ የአልጋ ወጪ ቢያስከትልም፣ አዲስ ትኬት ከመግዛት ይሻላል። ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ አውቶቡስ መሸጋገር ሥጋቱ ያነሰ ነው፤ ያመለጠ አውቶቡስ በቀላሉ ይተካልና። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ሲሄዱ በአውቶቡስ እያቆራረጡ መጓዝን፣ ሲመለሱ በአውሮፕላን መምጣትን እመክራለሁ። ጉልበትና ጉጉት ያለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ የአሥር ሰዓት የአውቶቡስ ጉዞ ብቻውን ላለ ሰው እጅግ አድካሚ ነው። በዚህ መልክ የሚጓዝ ሰው የመመለሻውን ትኬት ብቻ ይግዛ። ብዙ አየር መንገዶች ደርሶ መልስ ትኬት የያዘ መንገደኛ ከመሄጃው በረራ ከቀረ የመመለሻውንም ይሰርዙበታልና፣ በዋጋው ተስቦ ደርሶ መልስ ገዝቶ ግማሹን ብቻ ለመጠቀም ማሰብ አደጋ አለው።

የአውቶቡሱን መንገድ ሲከፋፍሉ የየዕለቱ ጉዞ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያበቃ ይሁን። የሌሊት ጉዞ የአልጋ ወጪ ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን አሽከርካሪ እንቅልፍ የሚጫጫነው በሌሊት ነው፣ ተሳፋሪውም እያንቀላፋ ጓዙን መጠበቅ አይችልም። ከሁሉም በላይ፣ የማያውቁትን ከተማ በብርሃን መግባት ማደሪያን መርጦ ለመያዝና መንገድ ለመጠየቅ ያስችላል።

የመቀመጫ ምርጫም ከዚህ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል። ከኋላ ጎማዎች በስተኋላ ያለው ወንበር ከሁሉ የበለጠ ይነጥራል፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ደግሞ ከሁሉ የተረጋጋ ነው። ጉዞ የሚያቅለሸልሸው ሰው መንገዱን አሻግሮ የሚያይበት ቦታ ይያዝ፣ ስልክም ሆነ መጽሐፍ አያንብብ፤ ሕመሙ የሚመጣው የውስጠኛው ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴና ዓይን የሚያየው ሲለያዩ ነው። ለዚህ የሚወሰዱት መድኃኒቶች የሚረዱት ከመነሣት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲወሰዱ ሲሆን፣ ብዙዎቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ብቻዎን ከሆኑ አስቀድመው ቤትዎ ሳሉ ሞክረው ውጤታቸውን ይወቁ። ፀሐይንም ማስላት ይቻላል፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ጠዋት በቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ በግራ በኩል ይሞቃል።

ጓዝዎን የሚለካው በመንገድዎ ላይ ካሉት ሁሉ ጥብቁ ደንብ ነው። አውቶቡሱ ብዙ ቢፈቅድም አውሮፕላኑ አይፈቅድምና፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን የኪሎ ልክ ተመልክተው ከዚያ ሁለት ኪሎ ያህል አጉድለው ይነሡ፤ በየመንገዱ የሚገዛ ነገር አይጠፋም። ሻንጣው ያለ ሰው እርዳታ አንሥተው ደረጃ የሚወጡበት፣ መጸዳጃ ቤትም ይዘውት የሚገቡበት መጠን ይሁን። መታወቂያ፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ስልክ ከሰውነትዎ በማይለይ ትንሽ ቦርሳ ይያዙ፤ ይህ ቦርሳ በምንም ምክንያት ወደ አውቶቡሱ ጓዝ ማስቀመጫ አይግባ።

በአውቶቡስ ያለ ጥያቄ ሲያልፍ የቆየውና በኤርፖርት ፍተሻ ችግር የሚያመጣው ፓወር ባንክ ነው። በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ በእጅ ይያዛል። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚታለፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ፣ Wh) ሲሆን፣ ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። በላዩ የተጻፈው ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) ብቻ ከሆነ ለ1,000 አካፍለው በ3.7 ያባዙ፤ 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። የእጅ ሻንጣዎ ቦታ ጠፍቶ በመሳፈሪያው በር ወደ ጭነት ክፍል እንዲወርድ ከተወሰነም ፓወር ባንኩን አስቀድመው ያውጡ። ቢላዋና መቀስ በተቃራኒው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግቡ።

ብቻቸውን የሚጓዙ ሰዎች ዕቃቸውን ትቶ ወደ መጸዳጃ መሄድ ስለሚያሳስባቸው ውኃ ከመጠጣት ሲቆጠቡ አያለሁ፤ ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ በአውሮፕላንም ሆነ በአውቶቡስ ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አደጋው ለጤነኛ ሰው ከ6,000 አንድ ያህል ቢሆንም፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዶ መራመድና በወንበር ላይ ሳሉ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ምንም አያስወጣም። ከዚህ በፊት ደም የረጋበት፣ ቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ተጓዥ ከመነሣት በፊት ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል።

ከቤት ለቀረ አንድ ሰው በየዕለቱ ጠዋት የአውቶቡሱን ሰሌዳ ቁጥር፣ የመነሻ ሰዓቱንና የሚያድሩበትን ስፍራ ይላኩ። ከዚህም አልፈው፣ እስከ ስንት ሰዓት ድምፅዎ ካልተሰማ መፈለግ እንደሚጀምር አስቀድመው ይስማሙ፤ ቁርጥ ያለ ሰዓት ከሌለ ቤተሰብ ወይ ያለ ምክንያት ይጨነቃል፣ ወይ ሲያስፈልግ ይዘገያል። ስልክ ባትሪ ሊጨርስ ስለሚችል ዋና ዋና ቁጥሮችን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ገንዘብዎንም በሦስት ቦታ ከፋፍለው ይያዙ።

በበረራው ዋዜማ ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ አራግፈው እንደገና ያሽጉ፤ በአውቶቡስ ቀናት የተከማቸው ዕቃ የሚታየው ያኔ ነው። ቼክ ኢን በስልክ የሚቻል ከሆነ በዚያው ምሽት ይጨርሱና፣ ወደ ኤርፖርት የሚያደርስዎትን መኪና ከመተኛትዎ በፊት ይቅጠሩ።