የኤክስኤምኤል ኤለመንቶችን በቁልፍ መቧደን

አንድ የኤክስኤምኤል (መረጃን በስም በተለዩ ክፍሎች የሚያስቀምጥ የጽሑፍ ቅርጸት) ፋይል ‹መጽሐፍ› የተባሉ ኤለመንቶችን፣ ማለትም ክፍሎችን፣ በተርታ ይዟል፣ እያንዳንዱም በውስጡ ‹ደራሲ› እና ‹ርእስ› አለው እንበል። የሚፈለገው እያንዳንዱ ደራሲ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ መጻሕፍቱ በሥሩ እንዲዘረዘሩ ነው፤ እዚህ የመቧደኛው ቁልፍ ደራሲው ነው። (በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የኤለመንት ስም በኤክስኤምኤል 1.0 የተፈቀደው በ2008 በወጣው አምስተኛ እትም ነው፤ የቀድሞውን ደንብ የሚከተል ፓርሰር (ፋይሉን የሚያነብ ፕሮግራም) ስሙን አይቀበልም።)

በኤክስኤስኤልቲ (የኤክስኤምኤል ፋይልን ወደ ሌላ ቅርጽ የሚለውጥ ቋንቋ) 2.0 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት ስሪቶች ፎር-ኢች-ግሩፕ የተባለውን ትእዛዝ ይጻፉ፤ በሰሌክት አትሪቢዩቱ መጻሕፍቱን፣ በግሩፕ-ባይ ደግሞ ደራሲን ያመልክቱ። በትእዛዙ ውስጥ ከረንት-ግሩፒንግ-ኪ የደራሲውን ስም፣ ከረንት-ግሩፕ ደግሞ የቡድኑን መጻሕፍት ይመልሳል። ቡድኖቹ የሚወጡት በፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ በታዩበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ በፊደል ተራ እንዲሆኑ ከተፈለገ ሶርት ይጨምሩ። በ1999 የወጣው 1.0 ይህ ትእዛዝ የለውም፤ ኤክስኤስኤልቲፕሮክ የተባለው የኤክስኤስኤልቲ ማስኬጃ ፕሮግራም የሚያውቀው ግን 1.0ን ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ በኪ እና በጀነሬት-አይዲ የሚሠራው የሙንቺያን ዘዴ ያስፈልጋል። ዘዴው ይሠራል፣ ለማንበብ ግን አድካሚ ነው።

በኤክስኪዌሪ፣ ማለትም በኤክስኤምኤል መረጃ መጠየቂያው ቋንቋ፣ ግሩፕ ባይ የመጣው በ2014 ከጸደቀው 3.0 ጋር ነው። በፎር መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ይያዙ፣ በግሩፕ ባይ ቁልፉን ይስጡ፤ ከዚህ መስመር በኋላ የመጽሐፉ ተለዋዋጭ አንድን መጽሐፍ ሳይሆን የቡድኑን መጻሕፍት በሙሉ እንደሚይዝ ልብ ይበሉ። የቡድኖቹ ተራ የተረጋገጠ ስላልሆነ ኦርደር ባይ መጨመር ይገባል።

ሁለቱ ቋንቋዎች በግልጽ የሚለያዩት ቁልፉ አንድ ሳይሆን ሲቀር ነው። ሁለት ደራሲዎች ያሉትን መጽሐፍ ኤክስኤስኤልቲ በሁለቱም ቡድኖች ያስገባዋል፤ ኤክስኪዌሪ ግን ስሕተት ብሎ ሥራውን ያቋርጣል። ደራሲ የሌለውን መጽሐፍ ደግሞ ኤክስኤስኤልቲ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሲጥለው፣ ኤክስኪዌሪ ባዶ ቁልፍ ያለው ቡድን ይሠራለታል። ስለዚህ መጻሕፍቱን ሳይሆን የደራሲ ኤለመንቶቹን ቧድኖ ከእያንዳንዱ ወደ ወላጁ መጽሐፍ መውጣት ይሻላል፤ ደራሲ የሌላቸውን ግን ለብቻ መሰብሰብ ግድ ነው።

በአማርኛ መረጃ ላይ የባሰው ችግር የፊደል ነው። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት ቁልፎች፣ ስለዚህም አራት ቡድኖች ይሆናሉ። ቁልፉን በኖርማላይዝ-ስፔስ ከትርፍ ክፍተት ያጽዱ፣ በትራንስሌትም ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያምጡ። እያንዳንዱ ዘር በኮምፒውተሩ ዘንድ ራሱን የቻለ ቁምፊ በመሆኑ፣ ሐን በሀ መተካት ብቻ አይበቃም፤ ሑን በሁ፣ ሒን በሂ እያሉ እስከ ሳብዕ መዘርዘር፣ ሃን፣ ሓንና ኃንም ወደ ሀ ማምጣት ያስፈልጋል። የተስተካከለው ቁልፍ ለመቧደን ብቻ ይዋል፤ በውጤቱ ላይ የሚታየው ስም ከቡድኑ የመጀመሪያ ደራሲ ኤለመንት እንዳለ ይወሰድ።

ቁልፍ የሌለው ዝርዝር፣ ለምሳሌ አርእስትና አንቀጾች በተርታ የተቀመጡበት ጽሑፍ ሲሆን፣ በኤክስኤስኤልቲ በግሩፕ-ባይ ምትክ ግሩፕ-ስታርቲንግ-ዊዝ ይጠቀሙና አርእስቱን ይስጡት። ከመጀመሪያው አርእስት በፊት አንቀጽ ካለ ግን የመጀመሪያው ቡድን ያለ አርእስት ስለሚመጣ፣ ምዕራፍ ከመሥራትዎ በፊት ቡድኑ በአርእስት መጀመሩን ይፈትሹ።