ሸፍል እነዛኑ ዘፈኖች ብቻ ሲደጋግምባችሁ

ሚሞሪዬ ላይ ከጓደኛ ፍላሽ የገለበጥኩት የድሮ ዘፈን መአት ነው፣ ግን ሸፍል ሳደርገው እነዛው ጥቂቶቹ እየተመላለሱ አሰለቹኝ። ማጫወቻ ቀየርኩ፣ ካሽ አጠፋሁ፣ ሚሞሪውን አውጥቼ መለስኩ፣ ወይ ፍንክች!

መጨረሻ ላይ ፋይል ማናጀር ገብቼ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ሳደርግ ከፍላሹ የገለበጥኩት የዘፈን ፎልደር ውስጥ «.nomedia» (ኖሚዲያ) የሚባል ባዶ ፋይል ቁጭ ብሏል፣ ለካ አንድሮይድ ይሄ ያለበትን ፎልደር ውስጡ ካሉት ፎልደሮች ጋር ዘሎት ነው የሚያልፈው፣ ማጫወቻው ዘፈኖቹ መኖራቸውንም አያውቅም። እሱን ብቻ ደለትኩና (ዘፈኖቹን እንዳትነኩ) ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ በቃ። ዛሬ ከቱሉ ዲምቱ ስወጣ ታክሲ ውስጥ በክራር ብቻ የተዘፈነ ባቲ መጣ፣ እንዳለኝም ረስቼው ነበር፣ ቃሊቲ እስክደርስ ደጋገምኩት።

የዋትሳፕ ቮይስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ኖሚዲያ ግን ተዉት፣ አለበለዚያ በዘፈን መሃል የሰው ቮይስ ይገባባችኋል።