ከልብስ ማጠቢያ ማሽን በላይ የፕላይውድ ጠረጴዛ ስትሰሩ

አዳማ ውስጥ ብዙ ሰው ማሽኑን ሰርቪስ ወይም በረንዳ ጥግ ነው የሚያስቀምጠው። ላዩ ላይ ሳሙናውም፣ ያልታጠፈው ልብስም፣ ዘንቢሉም ይከመራል። አንድ ፕላይውድ ይሄን ሁሉ መልክ ያስይዘዋል። ማሽናችሁ ከላይ የሚከፈት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ዋናው ነገር ጠረጴዛው ማሽኑን እንዳይነካ ነው። ሲጨምቅ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ታውቁታላችሁ፤ ላዩ ያረፈ ሁሉ አብሮት ይጨፍራል፣ ቪቴውም ቀስ በቀስ ይላላል። ስለዚህ ክብደቱን ግድግዳና እግር ይሸከሙት። አብዛኛው ማሽን ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የራሳችሁን ለኩና 3 ሳንቲ ጨምሩ። ግድግዳው ላይ በውሃ ልክ አስምሩና ፕላይውዱ የሚያርፍበትን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ በመስመሩ ልክ ምቱ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ በትራፓኖ ስትበሱ ባዶው ላይ ከወደቃችሁ ፊሸሩ (ቪቴው የሚገባበት ፕላስቲክ) ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ ጠጣሩን ፈልጉ።

ፕላይውዱ 18 ሚሊ ይሁን። ሙሉው 122 በ244 ሳንቲ ስለሆነ እንጨት ቤት «ለሁለት እንሰንጥቀው?» ማለታቸው አይቀርም፤ እምቢ በሉ። ማሽኑ ወደ ውስጥ 60 ሳንቲ ከሆነ ከኋላ ለቱቦውና ለሶኬቱ ሌላ 8 ይፈልጋል፣ ግማሹ 61 ደግሞ የት ይደርሳል? 68 አስቆርጡ። የተረፈው 54 ገደማ ለጎን እግር ይበቃል፣ ከስሩ የሴራሚክ ቁራጭ አድርጉለት፣ እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ፕላይውድ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ስፋቱ ከ1 ሜትር ካለፈ መሀል ላይም እግር ጨምሩ፣ አለዚያ ይጎብጣል። ከማሽኑ ፊት አልፎ እንዳይወጣም ተጠንቀቁ፣ መሳቢያው ውስጥ ኦሞ መጨመር ያስቸግራል።

ቫርኒሹ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ከዚያ ሶስት ዙር ቀቡ፣ በየመሀሉ ቀለል አድርጋችሁ እያሻሻችሁ። የታችኛው ገጽም ይቀባ፤ አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ጣውላ ይጣመማል። የተቆረጠው ጠርዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ውሃ የሚመጠው እሱ ስለሆነ እስኪጠግብ አጠጡት። ስራው በጠዋት ቤት ውስጥ ይሁን። ቀን ላይ ደጅ ከቀባችሁት ሙቀቱ አረፋ ያወጣበታል፣ የአዳማ ንፋስ ደግሞ አቧራውን ያለብሰዋል።

ስትገጥሙት ኮላ አትንኩ። ቪቴውን ከላይ ወደ ሞራሌው አስገቡት፤ ጭንቅላቱ ቢታይም ይታይ፣ ቱቦ ያፈሰሰ ቀን ፈታ ፈታ አድርጎ ማንሳት ነው። የውሃውን መዝጊያ ግን እጅ የሚደርስበት ቦታ ተዉት።