የመጀመሪያ ፊልማችሁን ለጀማሪ ዳይሬክተሮች ሽልማት ስታዘጋጁ

ሥራዬ ድኅረ ቀረጻ ነው። ኤዲቱ ያለቀለትን ፊልም ተቀብዬ ሰብታይትሉን፣ ድምፁንና ወረቀቱን አሟልቼ ለፌስቲቫል አዘጋጃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ የመጀመሪያ ሙሉ ፊልማቸውን የሠሩ ልጆች ናቸው። «ለጀማሪ ዳይሬክተር የሚሰጥ ሽልማት አለ አሉ፣ እንዴት ነው የሚገባው?» ይሉኛል። እኔም ቀድሜ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ወጥቷል ወይ?

ከወጣ ትልልቆቹ በሮች ተዘግተዋል። የካንን፣ የፈረንሳዩን ትልቅ የፊልም ፌስቲቫል፣ ደንብ ብናይ፣ ፊልሙ ከፌስቲቫሉ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የተሠራ፣ ከተሠራበት አገር ውጭ ያልታየና ኢንተርኔት ላይ ያልወጣ መሆን አለበት። ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ማሳየት አልተከለከለም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለው ወገን አንድ ማታ አዳራሽ ተከራይቶ ማሳየት ግን ያስወጣችኋል። የጣሊያኑ የቬኒስ ፌስቲቫል ዋና ውድድር ደግሞ ይብሳል፤ ፊልሙ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው እንዲታይ ይፈልጋል። ስለዚህ ፊልሙን የት፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደምታሳዩ ገና ቀረጻ ሳትጀምሩ ከፕሮዲውሰራችሁ ጋር ተነጋገሩ። ፕሮዲውሰሩ ያወጣውን ብር ቶሎ መመለስ ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም። ግን የዩቲዩቡ ገቢ ስድስት ወር ቢቆይ ይመጣል። የመጀመሪያ ፊልም የሚባለው ዕድል ግን ካለፈ አለፈ።

ቀጥሎ፣ ፊልሙ እውነት የመጀመሪያችሁ መሆኑን አረጋግጡ። አጫጭር ፊልሞች አይቆጠሩም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ሥሩ። ችግሩ ያለው ከአንድ ሰዓት በላይ የሆነው ላይ ነው። የካኑ የጀማሪዎች ሽልማት፣ ካሜራ ዶር የሚባለው፣ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሆነን የመጀመሪያ ሥራ ነው የሚያየው። ዶክመንተሪም እንደ ፊልም ይቆጠራል። እኛ አገር ጓደኛ ሲቸገር ገብቶ ፊልሙን ጨርሶለት «ዳይሬክተር» ተብሎ አብሮ ስም ማስጻፍ የተለመደ ነው። ያ ፊልም 90 ደቂቃ ከሆነ የመጀመሪያችሁ እሱ ነው ሊባል ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ አትደብቁ። ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት።

ስለ ካሜራ ዶር ብዙ ሰው የሚሳሳተው አገባቡን ነው። ሽልማቱ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል፤ ለብቻው የሚሞላ ፎርም ግን የለውም። ፊልሙ በካን ይፋ ምርጫ፣ ወይም ከጎኑ በሚካሄዱት ሁለት ዝግጅቶች፣ በዳይሬክተሮች አሥራ አምስት ቀን ወይም በተቺዎች ሳምንት፣ ከተመረጠና የመጀመሪያ ሥራ ከሆነ ወዲያው ተወዳዳሪ ነው። ያሬድ ዘለቀ በ2015 እ.ኤ.አ. «ላምብ» በተባለው የመጀመሪያ ፊልሙ ይፋ ምርጫው ውስጥ ሲገባ በዚህ መንገድ ነበር ዕጩ የሆነው። በካን ይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። የዚያ ዓመት ካሜራ ዶር ለኮሎምቢያዊው ሴሳር አሴቬዶ ሄደ።

ብሔራዊ ሽልማቶች ሌላ ሥርዓት አላቸው። እኔ ለልጆቹ ሁሌ የማሳየው የህንድን ነው። የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጀመሪያ ፊልም ዳይሬክተር ራሱን የቻለ ዘርፍ አለው። ለህንድ ፊልሞች ብቻ ስለሆነ እኛ አንገባበትም፤ አሠራሩ ግን ያስተምራል። የሚቆጠረው ፊልሙ ሲኒማ ቤት የታየበት ቀን ሳይሆን ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ከሳንሱር ቦርዱ ፈቃድ ያገኘበት ቀን ነው። የትኛውም ውድድር ላይ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ፦ የሚቆጠረው የትኛው ቀን ነው? የተጠናቀቀበት? ፈቃድ ያገኘበት? ወይስ ለሕዝብ የታየበት? ጉማን ጨምሮ ለአገር ውስጥ ሽልማቶችም የየዓመቱን መመሪያ በእጃችሁ ይዛችሁ ነው መሙላት ያለባችሁ፤ በወሬ አይሆንም።

ቀን ካነሳሁ አይቀር፣ አቆጣጠሩን ተጠንቀቁ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ «2017» ተብሎ ይጻፋል። አውሮፓ ያለ መራጭ ሲያየው ፊልሙ የቆየ ይመስለዋል፤ የዕድሜ ገደቡን አልፏል ብሎ ሊጥለውም ይችላል። ለውጭ በሚላከው ቅጂ ላይ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉት። የስማችሁም የላቲን አጻጻፍ በፓስፖርቱ፣ በፖስተሩ፣ በፎርሙና በፊልሙ ላይ በየፊደሉ አንድ ይሁን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ማሻሻያ ህንዶቹ ከመጀመሪያ ፊልም ሽልማታቸው ላይ የኢንድራ ጋንዲን ስም አንስተው ገንዘቡን 300,000 ሩፒ አደረጉት። ቀድሞ ፕሮዲውሰሩና ዳይሬክተሩ ይካፈሉት የነበረው አሁን ለዳይሬክተሩ ብቻ ሆነ። የቬኒሱ የመጀመሪያ ፊልም ሽልማት ደግሞ 100,000 ዶላር ነው፤ ለዳይሬክተሩና ለፕሮዲውሰሩ እኩል ይካፈላል። ደንቡ ዝም ካለስ? ያኔ የሚናገረው የእናንተ ውል ነው። አብዛኛው የማየው ውል ግን ስለ ሽልማት አንድ መስመር የለውም። ገንዘቡ የማን ነው? ዋንጫው ማን ቤት ይቀመጣል? ለመቀበል ማን ይጓዛል፣ ቲኬቱንስ ማን ይከፍላል? እነዚህን ከቀረጻ በፊት ጻፉና ፈርሙ። ፍቅር ባለበት ጊዜ የተጻፈ ውል ማንንም አይጎዳም።

ሰብታይትል ላይ ግን እማጸናችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። ጥሩ ፊልም በመጥፎ ሰብታይትል ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ። መራጩ አማርኛ አያውቅም፤ ለእሱ የተዋናዩ ንግግር ማለት እዚያ ግርጌ የተጻፈው ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አታውጡ። አንዱ መስመር ከ42 ፊደል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ንግግሩ ፈጣን ከሆነ ሁሉን ለመጻፍ አትሞክሩ፤ ዋናውን ጻፉና ሌላውን ተዉት። ተረትና ምሳሌ ሲመጣ ቃል በቃል አትገልብጡት፤ ትዕይንቱ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ፈልጉና እሱን ጻፉ። ስትጨርሱ አማርኛ የማይችል ሰው ፈልጋችሁ ፊልሙን አሳዩት። እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስክሪኑን ሳይሆን ፊቱን ተመልከቱ። ግራ የገባው ቦታ ላይ ሰዓቱን መዝግቡ። ማስተካከል ያለባችሁ እዚያ ነው።

የፍሬም ነገርም አለ። ብዙዎቻችን በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የምንቀርጸው። ለሲኒማ ማሳያ ዲሲፒ (ሲኒማ ቤቱ የሚያጫውተው ዲጂታል ቅጂ) ሲሠራ እያንዳንዱ ፍሬም እንዳለ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ በሰከንድ ወደ 24 ከተቀየረ የ90 ደቂቃ ፊልም ወደ 93 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይረዝማል። በአሮጌው ሰዓት የተሠራው ሰብታይትል ቀስ በቀስ እየሸሸ መጨረሻ ላይ ሰውዬው ዝም ብሎ ጽሑፉ ይናገራል። ስለዚህ ዲሲፒውን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ ተቀምጣችሁ እዩት። አሥር ደቂቃ አይቶ «ይሠራል» ማለት የለም።

ሙዚቃውን በቃል ስምምነት አትጠቀሙ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙ፣ የዜማውና የዘፋኙ መብት የየራሱ ነው። ዘፋኙ «ውሰደው ወንድሜ» ስላለ የገጣሚው ፈቃድ ተገኘ ማለት አይደለም። ካፌ ውስጥ በሬዲዮ የምትሰማው የአሥር ሰከንድ ዘፈን ሳትቀር ወረቀት ያስፈልጋታል። ካላገኛችሁ ቆርጣችሁ አውጧት።

ፖስተር፣ አጭር ታሪክ፣ የዳይሬክተር መግለጫ፣ ፎቶ፤ እነዚህ ቀላል ናቸው። መግለጫውን ብቻ አጭር አድርጉት። ሲኒማ ለኅብረተሰብ ስላለው ጥቅም አትጻፉ፤ ይህን ታሪክ ከሌላ ሰው ይልቅ እናንተ ለምን እንደሠራችሁት ጻፉ።

የመመዝገቢያ ክፍያ ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ከዚህ ሆኖ መክፈል ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ብዙ ፌስቲቫሎች በጨዋ ኢሜይል ሲጠየቁ ክፍያውን ያነሳሉ። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ምዝገባው በተከፈተ ሳምንት ጻፉ። የፊልሙን ስም፣ የመጀመሪያ ፊልማችሁ መሆኑን፣ ከኢትዮጵያ መላካችሁን ንገሯቸው፤ አምስት መስመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ኢሜይሉን የሚያይ አንድ ሰው መድቡ፤ የስፓም ሳጥኑንም ጭምር ያይ። ከመረጧችሁ በጥቂት ቀን ውስጥ መልስ ይፈልጋሉ።