የቆየ የስፖርት መኪና ቤንዚን እንዳይበላ እንዴት ማድረግ ይቻላል፦ ለጅማ አሽከርካሪዎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና በአግባቡ ይዞ ማቆየት ግድ ሆኗል። ቶዮታ ሴሊካን የመሰለ የቆየ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ያለው ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ መኪና ከልኩ በላይ ቤንዚን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ በተፈጥሮው ሳይሆን ባለፉት ዓመታት ከተነቀለበት፣ ከተቀየረበትና ከተነካካበት ነገር የተነሣ ነው። ስለዚህ ሥራው የጎደለውን ፈልጎ ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ እንጂ አዲስ ዕቃ መጨመር አይደለም። ቤንዚን ይቆጥባሉ ተብለው ለሚሸጡ ማግኔቶችና መሰል ዕቃዎች ገንዘብ አያውጡ፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ100 የሚበልጡትን መርምሮ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አንድም አላገኘም።

በመጀመሪያ ፍጆታውን ይለኩ። ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) የማደያው ማሽን በራሱ እስኪያቆም ድረስ ያስሞሉና ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ፤ ከተጠቀሙበት በኋላ በዚያው ማደያ በተመሳሳይ ሁኔታ አስሞልተው የተጓዙትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር ያካፍሉ። ለምሳሌ 360 ኪሎ ሜትር ተጉዘው 40 ሊትር ከገባ መኪናው በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ሙሌት ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል የሁለት ወይም የሦስት ሙሌት አማካይ ይውሰዱ፤ በመርካቶ አካባቢ ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ የነዱትንና ወደ አጋሮ የሄዱበትን መንገድ ግን አንድ ላይ አይደምሩ። ብዙ የስፖርት መኪኖች ሰፋፊ ጎማ ስለሚገጠምላቸው የጎማው ቁመት ከፋብሪካው ከበለጠ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አሳንሶ ይቆጥራል፤ ይህንም በስልክዎ ጂፒኤስ ማረጋገጥ ይቻላል።

ቀጥሎ መኪናው ያለ ችግር መንከባለሉን ይመርምሩ። የጎማ አየር የሚለካው መኪናው ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ ሲሆን ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ መሙላት ያለብዎት መጠን አይደለም። ከዚያ እያንዳንዱን እግር በክሪክ አንሥተው በእጅዎ ያሽከርክሩት። የክረምት ዝናብና ጭቃ የፍሬኑን ፒስተን ስለሚያዝገው ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም ሸራው ዲስኩን ይዞ ይቀራል። ከጉዞ እንደተመለሱ ከቸርኬዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ቢግል ቤንዚንዎ እየባከነ ያለው እዚያ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሞተሩ ሙቀት ሲሆን ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው ረዘም አድርጎ ማየት ይገባል። ሞተሩ አልፎ አልፎ ሲግል ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ማጋሉ ይቆማል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ወደ ሥራ ሙቀቱ ሳይደርስ ስለሚውል ኮምፒውተሩ መኪናው ገና አሁን የተነሣ ይመስለውና ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፣ ዘይቱም ወፍሮ ሞተሩን ይከብደዋል። ምልክቱን ለማየት በዝናባማ ጠዋት ከቤት ሲወጡ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። መርፌው ጥቂት ከተነዳ በኋላ ቦታው ላይ ደርሶ መቆም ሲገባው ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ከወደቀ፣ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ለሞዴሉ የተሠራውን ያስገጥሙ፤ ብዙዎቹ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ መከፈት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከጋለ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የማይሠራ ቬንትሌተር አለና መጠገን ያለበት እሱ ነው።

አራተኛው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር (አየርና ቤንዚን የሚደባልቀው ዕቃ) ይህን ስለማያውቅ ቤንዚኑን አብዝቶ ይሰጣል፤ በአንጻሩ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለው ጅማ ሲመጣ ቤንዚኑ በመጠኑ ያንሰዋል፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ካርቡራቶሩን አብዛኛውን ጊዜ በሚነዱበት ከተማ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ያስተካክሉ። ፍርዱን ካንዴላው ይሰጣል፦ ጫፉ ግራጫ ወደ ቡናማ ካደላ ድብልቁ ደህና ነው፤ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፤ በዘይት ከራሰ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒው አልቋልና ኮምፕሬሽን ያስለኩ፣ ካርቡራቶር መነካካቱ አይረዳም። የአየር ማጣሪያው መቆሸሽ የሚጎዳው በተለይ ካርቡራቶር ያለውን መኪና ነው። ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ በሚረጭ የኢንጄክሽን መኪና ላይ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታን ብዙም አይለውጥም፤ በእንዲህ ያለው መኪና መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የደከመ ኦክስጅን ሴንሰር (በጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ ድብልቁን የሚለካው) ነው። የተገኘውን ችግር ሁሉ በአንድ ቀን ከማስጠገን አንዱን አስተካክሎ እንደገና መለካት የትኛው እንደጠቀመ ያሳያል።

የቀረው አነዳዱ ነው። የስፖርት ሞተር ከፍ ባለ ዙር ላይ ጉልበቱን ስለሚያሳይ ማርሽ ሳይቀይሩ መቆየት ያስጎመጃል፤ ለቁጠባ ግን በሜዳ መንገድ በደቂቃ ከ2,500 ዙር ሳያልፉ መቀየር ይሻላል፣ ወደ ጅሬን በሚወስደው አቀበት ላይ ደግሞ ሞተሩ እያቃሰተ በከባድ ማርሽ ማስገደድ አይገባም። በረጅም መንገድ ከ110 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢወርዱ መኪናውን የሚገታው የአየር ተቃውሞ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። መብራቱ ከኮፈኑ ብቅ የሚል መኪና ያለው ሰው ቀን ላይ መብራቱን ሳያስፈልግ ከፍቶ ባይሄድ መልካም ነው፤ መልኩን ያሳምራል፣ አየሩን ግን ይገፋል። ወደ ጊቤ ድልድይ ሲወርዱ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) መልቀቅ ቤንዚን ይቆጥባል የሚባለው በአብዛኞቹ የኢንጄክሽን መኪኖች ላይ ስህተት ነው። ማርሽ ገብቶ ከነዳጅ መስጫው ላይ እግር ሲነሣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ፈጽሞ ይዘጋል፤ በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ በሚኒሞ ለመቆየት መጠጣቱን ይቀጥላል፣ ሸክሙም በሙሉ በሚግለው ፍሬን ላይ ይወድቃል።